በቴነሲ የጥድ ገላጣ፦ መጀመሪያ የሳትኩት፣ ኋላ ያየሁት

ናሽቪል አካባቢ የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ የምትመጡ ከሆነ ይህች ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ከከተማው ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተነዳ ሲዳርስ ኦፍ ሌባነን (የሊባኖስ ዝግባዎች እንደ ማለት) የሚባል የቴነሲ ግዛት ፓርክ አለ። እዚያ ውስጥ የጥድ ገላጣውን አቋርጦ፣ ዞሮ ወደ ተነሱበት የሚመልስ አጭር የእግር መንገድ ይገኛል። ርዝመቱ ግማሽ ማይል ነው፤ 800 ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ቀን በሩብ ሰዓት ጨረስኩት፤ ምንም አላየሁም። ሁለተኛ ስሄድ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ እሱም አልበቃኝም።

የመጀመሪያው ቀን ጁላይ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም። ጥላው ውስጥ እያለሁ ደህና ነበርኩ። ዛፎቹ ተከፍለው ገላጣው ላይ ስወጣ ግን ሙቀቱ ከላይም ከታችም መጣ። መሬቱ ድንጋይ ነው። ጠፍጣፋ፣ አመድማ፣ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ፤ በላዩ ጠጠር፣ እዚህም እዚያም የደረቀ ሳር። ሕንፃ ሊሠራበት ተጠርጎ የተተወ ቦታ መሰለኝ። "ለዚህ ነው እንዴ ሰው የሚመጣው?" አልኩ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት ጨመርኩ። አጭሩ ስላላረካኝ በዚያው ሙቀት ረጅሙን ዙሪያ መንገድ ጀመርኩ። ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ይዤ። ጫካ ውስጥ መንገዱ ይታያል፤ የተረገጠ አፈር አለ፣ ቅጠል ተጠርጓል። ገላጣው ላይ ግን ድንጋይ ዱካ አይዝም። ሁሉም አቅጣጫ መንገድ ይመስላል። እኔም ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚወርድበትን ደረቅ ቦይ መንገድ ነው ብዬ ተከተልኩ። ቦዩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ድንጋይ መካከል ያለ ጉድጓድ ጋ አለቀ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው እየሸረሸረ ዋሻና ጉድጓድ ይሠራል፤ አንዳንዱ ከቅጠል በታች ተደብቆ ነው ያለው። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም ጥድ አንድ ዓይነት ነው። ውሃዬ አልቋል። ወደ መንገዱ ለመመለስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ሰው ስወስድ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። መንገዱን መሬት ላይ አትፈልጉ፤ ዛፍ ላይ ፈልጉ። በዛፎቹ ግንድ ላይ የተቀባ ምልክት አለ። ገላጣው ጫፍ ስትደርሱ ቁሙ። ማዶ ያለውን ቀጣዩን ምልክት በዓይናችሁ ሳታገኙ ከመጨረሻው ዛፍ አትነሱ። ከጠፋባችሁ ወደ ፊት አትሂዱ፣ በመጣችሁበት ወደ መጨረሻው ምልክት ተመለሱ። ቀላል ነገር ነው፤ እኔ ግን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬበት ነው።

ያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ስታጠብ ከጉልበቴ ጀርባ ሦስት መዥገር አገኘሁ። ሁለተኛ እዚያ አልሄድም አልኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ እናቴ ናት።

እማዬ በቀጣዩ ዓመት ልትጠይቀኝ መጣች። ከመጣች ጀምሮ ቤት ውስጥ ነው የዋለችው፤ እኔ ሥራ፣ እሷ ከመስኮት ሥር። አንድ እሁድ "የሊባኖስ ዝግባ የሚባል ፓርክ አለ፣ ልውሰድሽ?" አልኳት። ስሙ ራሱ ሳባት። "እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያድጋል" የሚለውን መዝሙር በቃሏ ነው የምታውቀው። ኤፕሪል መጀመሪያ ነበር፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት ቀን።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለው ዛፍ ጋ ደረሰችና ቆመች። ግንዱን ነካችው። ልጡ በረጅሙ እየተላጠ የሚነሳ፣ ቀይ ቡናማ ነገር ነው። ከቅጠሉ በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው።

"ማነው ዝግባ ያለህ?" አለችኝ። "ይሄ ጥድ ነው።"

"እንግሊዝኛው ሲዳር ነው የሚለው እማዬ።"

"ይበል። ጥድ ነው። ሽታው እኮ አይጠፋኝም፤ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው።"

ቤት ገብቼ አጣራሁ፤ ልክ ነበረች። አሜሪካኖቹ ቀይ ሲዳር የሚሉት ዛፍ ሲዳር አይደለም። በሳይንሱ ጁኒፐረስ ከሚባለው ወገን ነው፤ የኛም ሐበሻ ጥድ ከዚያው ወገን ነው። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ድሮ የሰፈሩ ሰዎች ቀይና ሽታው የሚያውድ እንጨት ሲያዩ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለውን ዛፍ አስታወሳቸውና ስሙን ሰጡት፤ በአቅራቢያው ያለችውንም ከተማ ሌባነን አሏት። እውነተኛው የሊባኖስ ዛፍ ሌላ ነው። እኛ አገር ዝግባ የምንለው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ዛፍ ነው። ይህን ሁሉ እናቴ በአንድ ማሽተት ለየችው።

እንጨቱም የሚያመሳስላቸው ነገር አለው። የቴነሲው ጥድ ለአጥር፣ ለባልዲ፣ ብል እንዳይገባ ለልብስ ሣጥን ያገለግል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእርሳስ። በመቅረጫ ሲቀረጽ ሳይሰነጠቅ እንደ ቅቤ የሚላጥ እንጨት ነው። ሼልቢቪል የምትባለው የቴነሲ ከተማ እስከ ዛሬ የእርሳስ ከተማ ትባላለች። የምሥራቅ አፍሪካን ጥድም እንግሊዞች የእርሳስ ዛፍ ብለው ጠርተውታል። በቴነሲ ያ ሁሉ ጥድ ተቆርጦ አካባቢው ከተራቆተ በኋላ ነው በ1930ዎቹ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ችግኝ ያስተከለው። ዛሬ የምንሄድበት ጥላ የዚያ ውጤት ነው።

እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። እኔም አብሬ ቀስ አልኩ። ገላጣው ላይ ስንወጣ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ባለፈው ደረቅ ጠጠር ያልኩት ቦታ በውሃ ርሶ፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጡ አበቦች ተሞልቷል። ነጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንዱ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ። ቁመታቸው ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ቆሞ ለሚያልፍ ሰው አይታዩም። እማዬ ጎንበስ አለች።

"ይሄ የጎመን አበባ ነው የሚመስለው" አለች። "እየው፣ አራት ቅጠል፣ እንደ መስቀል።"

በዚህም ልክ ነበረች። ግሌድ ክሬስ ይባላል፤ የጎመን ዘመድ ነው። አኗኗሩ በጣም ገረመኝ። ብርድ የሚፈራ ተክል ሳይሆን ሙቀት የሚፈራ ተክል ነው። ሙቀቱ ሲበርድ፣ በመኸር ይበቅላል። ብርዱን ከመሬት ጋር ተጣብቆ እንደ ትንሽ ጽጌረዳ ቅጠሉን ዘርግቶ ያሳልፋል። ማርችና ኤፕሪል ላይ ቶሎ ብሎ ያብባል፣ ዘሩን ይጥላል፣ ይሞታል። ጁላይ ሲመጣ ዘሩ ጠጠር ውስጥ ተኝቷል። እኔ ባለፈው ዓመት በላዩ ላይ ነበር የቆምኩት።

ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ድንጋዩ ላይ ነው። ከታች ያለው ድንጋይ ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር በነበረ ጊዜ የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው የባሕር እንስሳት ቅርፊት አሻራ ይታይበታል። በላዩ ያለው አፈር በጣም ስስ ነው፤ አንዳንድ ቦታ የጣት ውፍረት እንኳ የለውም፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። በብርድና በጸደይ ዝናቡ ወደ ታች መስረግ ስለማይችል ቦታው ረግረግ ይሆናል። በበጋ ያው ቦታ እንደ ምጣድ ይግላል። ረግረጉንም ምጣዱንም የሚችል ተክል ጥቂት ነው። ዛፍ ሥር የሚሰድበት ስለሌለው መሐሉ ገላጣ ሆኖ ይቀራል። ጥዱ የሚቆመው ዳር ዳሩን፣ ድንጋዩ ስንጥቅ ባለበት ነው። በዚህ ጭንቅ የለመዱ አንዳንድ ተክሎች ደግሞ በዓለም ላይ ከዚህ ከመሐል ቴነሲና ከአካባቢው በቀር ሌላ ቦታ የላቸውም።

ያን ቀን ሌላም አየን። ጥዱ ላይ እንደ ብርቱካን የሚያበራ፣ ጣት ጣት ያለው፣ የሚዝለገለግ ነገር ተንጠልጥሏል። እማዬ ፍሬ መሰላት። ፍሬ አይደለም፤ በጥድና በፖም ዛፍ መካከል የሚመላለስ የሻጋታ በሽታ ነው። በጸደይ ዝናብ ሲነካው እንዲህ ይፈነዳል። የጥዱ ፍሬ ሌላ ነው፤ ሰማያዊ፣ አቧራ የነካው የሚመስል፣ የአተር ያህል ድቡልቡል። ሴቴዋ ዛፍ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ወፎች በልተውት ዘሩን አጥር ላይ ተቀምጠው ስለሚጥሉ ነው በየገጠሩ መንገድ ዳር ጥድ ተሰልፎ የምታዩት።

ድንጋዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቡናማ ጄሊ የሚመስል ነገር ነበር። ኖስቶክ የሚባል የባክቴሪያ ክምችት ነው። ሲደርቅ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጥቁር ቅርፊት ይሆናል፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል። ተጠንቀቁለት፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እማዬ አንዴ እግሯ ሄዶባት ክንዷን ይዤ ነው ያዳንኳት። ጎማው የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። የቤተክርስቲያን ነጠላ ጫማ አይሆንም። አዛውንት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ምርኩዝ ያዙላቸው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር።

በነገራችን ላይ ከምልክቱ መውጣት ክልክል የሆነው እናንተ እንዳትጠፉ ብቻ አይደለም። ባዶ ጠጠር የሚመስለው ቦታ ዘርና ቡቃያ የያዘ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው አመድማ ቅርፊትም ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ደርቆ ሳለ ሲረገጥ ይፈረካከሳል። በመጀመሪያው ቀን ስንቱን እንደረገጥኩ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። ተክል መቁረጥና መንቀልም አይፈቀድም። እማዬ ቡቃያ ይዛ ልትሄድ ፈልጋ ነበር። "ይቅር፣ አይቻልም" ስላት አልተከራከረችም።

ከዚያ በኋላ ሱስ ሆነብን። ጁን ላይ ደግሞ ኮችቪል ሲዳር ግሌድ ወደሚባለው ጥብቅ ቦታ ሄድን። ሎንግ ሃንተር ከሚባለው ፓርክ አጠገብ፣ ለናሽቪል በጣም የሚቀርብ ነው። እዚያም ዙሪያ መንገድ አለ፣ አጭርና ሜዳ። የሄድንበት ምክንያት አንድ አበባ ነው፤ የቴነሲ ኮንፍላወር። ለጉንፋን የሚጠጣውን የኢኪናሺያ ሻይ የምታውቁ፣ የዚያ ተክል ዘመድ ነው።

የዚህን አበባ ታሪክ ሳነብ ነው ቦታውን ማክበር የጀመርኩት። ለብዙ ዓመታት ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤልሲ ኳርተርማን የምትባል የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ተመራማሪ መኖሩን አረጋገጠች። በ1979 የአሜሪካ መንግሥት የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ሰዎች ቦታዎቹን ገዝተው አጠሩ፣ ዘር ሰብስበው አባዙ፣ የሚወርረውን ቁጥቋጦ መነጠሩ። በ2011 ከመዝገቡ ወጣ፤ ጠፍቶ ሳይሆን ድኖ። ኳርተርማን ያን ቀን ለማየት ደርሳለች። በ2014 ስታርፍ 103 ዓመቷ ነበር። በስሟ የተሰየመ የአበባ ፌስቲቫል በየጸደዩ ሲዳርስ ኦፍ ሌባነን ፓርክ ይካሄዳል። ተክሉን የሚያውቁ ሰዎች እየመሩ ያስጎበኛሉ። ብቻችሁን ከምትጀምሩ በዚያ ብትጀምሩ በጣም እመክራለሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላለች፣ ድንጋዩ አልጋለም። አበቦቹ ሮዝ ናቸው፣ መሐላቸው ጠቆር ያለና ሾጠጥ ያለ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን አዙረዋል።

እማዬ ዝም ብላ ቆየችና "ወደ ምሥራቅ ነው የቆሙት" አለች።

እውነት ነው፤ ይህ ዝርያ የሚታወቀው አንዱ በዚህ ነው። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ አማተበች። እኔ ፎቶ ማንሳቱን ተውኩት።

በዚያው መንገድ ላይ በለስ የሚመስል ቁልቋልም አለ፤ ከጉልበት በታች የሚተኛ፣ ቢጫ አበባ ያለው። አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፣ እርጥብ ጫካ መሐል ቁልቋል ማየት ይገርማል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ እሾኹን ንገሯቸው። ትልቁ ሳይሆን እንደ ፀጉር የቀጠነው ነው አስቸጋሪው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ለማውጣት ያታክታል።

አሁን ወደ መዥገሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ነገሩ ለኛ ሰው በተለይ አስፈላጊ ነው። በዚህ አካባቢ ሎን ስታር የሚባል መዥገር አለ፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። ንክሻው አንዳንድ ሰው ላይ ለቀይ ሥጋ አለርጂ ያስከትላል። በሬ፣ በግ፣ ፍየል። አለርጂው ወዲያው አይመጣም፤ ሥጋ ከተበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚነሳው። ሽፍታ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትንፋሽ ማጠር። ሰው ማታ ጥብስ በልቶ ሌሊት ሲታመም መዥገር ትዝ አይለውም። ከእግር ጉዞ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ከጀመራችሁ ለሐኪሙ መነከሳችሁን ንገሩ። ትንፋሽ ካጠረ ግን አትጠብቁ፤ 911 ነው የሚደወለው።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ረጅም ሱሪ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው፣ መዥገር ሲወጣ እንዲታየኝ። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ አስገባለሁ። ዲት የሚባለው ተባይ ማባረሪያ ያለበት መርጫ ቆዳዬ ላይ እቀባለሁ፤ ፐርሜትሪን የሚባለውን ደግሞ ልብስና ጫማ ላይ ብቻ፣ ከመሄዴ በፊት ረጭቼ አደርቀዋለሁ። ስመለስ ቶሎ እታጠባለሁ፣ ልብሱን ማድረቂያ ውስጥ በሙቀት እከታለሁ። ብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላ፣ የራስ ፀጉር ሥር፣ ሁሉንም እፈትሻለሁ። መዥገር ከተገኘ በወረንጦ፣ ለቆዳ በጣም ተጠግቶ ይዞ፣ ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አያስፈልግም፤ ያባብሰዋል።

ፖይዝን አይቪ የሚባል፣ ሲነኩት ቆዳ የሚያሳክክ ተክልም አለ፤ ጫካው ዳር፣ ዛፍ ላይም ይወጣል። ከአንድ እንጨት ላይ ሦስት ቅጠል፣ መሐለኛው ረዘም ያለ ዘንግ ያለው። ከነካችሁት ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። እባብ በዓይኔ አላየሁም፤ ግን መርዛማ ዓይነት በአካባቢው አለ፣ ስለዚህ የወደቀ ግንድ ስትሻገሩ ማዶውን ሳታዩ አትርገጡ፣ ድንጋይ ሥር እጅ አትክተቱ።

ውሃ በሰው አንድ ሊትር፣ ለረጅሙ መንገድ ሁለት። ኮፍያ። ገላጣው ላይ ጥላ የለም።

ጊዜው ላይ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ኤፕሪል ውስጥ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሂድ። ኮንፍላወሩን ለሚፈልግ ጁን፣ ጠዋት። ጁላይና ኦገስት ቀትር ላይ አትሂዱ፤ የሚታየው ጥቂት ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። በብርድ ወራት ደግሞ ድንጋዩና ጥዱ ብቻቸውን ይቀራሉ፣ መዥገሩም ይቀንሳል፤ እኔ ደስ ይለኛል፣ ሁሉም ሰው ግን ላይወደው ይችላል።

እማዬ ኦገስት ላይ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሲዳርስ ኦፍ ሌባነን እንደገና ወስጃት ነበር፣ በጠዋት፣ አጭሩን መንገድ። ገላጣው ደርቋል። አበባ የለም። እሷ ግን ኤፕሪል ላይ ጎንበስ ያለችበት ቦታ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ደረቁን ጠጠር አየችና እግሯን ሰብሰብ አድርጋ በምልክቱ በኩል አለፈች።